ካልተናገሩ የሚቀር ወንበር፦ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የዘር ልዩነት ከየት ይመጣል፣ በምንስ ይጠባል?

በፍሎሪዳ፣ ከማያሚ በስተሰሜን፣ ብሮዋርድ የሚባል ካውንቲ አለ። የትምህርት ዲስትሪክቱ (የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል) በአሜሪካ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። እስከ 2005 ድረስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ልጅ «ጊፍትድ» (ልዩ ተሰጥኦ ያለው) ተብሎ ወደ ልዩ ክፍል እንዲገባ መጀመሪያ መምህሩ ወይም ወላጁ «ይኼ ልጅ ይፈተን» ማለት ነበረበት። ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይፈትነዋል፤ መስፈርቱን ካሟላ ይገባል። ደንቡ ላይ ጥቁር፣ ነጭ፣ ሂስፓኒክ (ዝርያቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) የሚል ቃል አይገኝም። ውጤቱ ግን ይኸውና፦ ከዲስትሪክቱ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች ሆነው ሳለ፣ በሦስተኛ ክፍል ጊፍትድ ከተባሉት ልጆች ድርሻቸው 28 በመቶ ብቻ ነበር።

በ2005 ዲስትሪክቱ አንድ ነገር ለወጠ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ፣ ማንም ሳይጠይቅላቸው፣ ቋንቋ በማይፈልግ፣ በቅርጽና በሥዕል ብቻ በተዘጋጀ አጭር ፈተና ፈተነ። በዚያ ጥሩ ያመጡት ወደ ዋናው የአይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ) ፈተና ተላኩ። የመግቢያው መስፈርት አልወረደም፤ ማን ይፈተን የሚለው ብቻ ነው የተቀየረው። ነገሩን ያጠኑት ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ናቸው (ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው)። ባገኙት ውጤት መሠረት ጊፍትድ የሚባሉት ጥቁር ልጆች በ80 በመቶ፣ ሂስፓኒኮች ደግሞ በ130 በመቶ ጨመሩ። እንዲህ ያሉ ልጆች ከ2005 በፊትም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። የጠፋው የሚጠይቅላቸው ሰው ነው።

የእኛ የድሮ ሰው ይኼንን ሥርዓት በደንብ ያውቀዋል፤ ደጅ ጥናት ይለዋል። ሹመት የፈለገ የጌታውን ደጅ ይጠናል፣ ያልጠና ይረሳል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት የመጣውም ከዚያው ነው። የብሮዋርድ የቀድሞ ደንብ ደጅ ጥናት ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛው የማያስቸግረው፣ ከሥራ ለሁለት ሰዓት ቢቀር ደመወዙ የማይቆረጥበት፣ ሲያስፈልግም የግል ባለሙያ ከፍሎ ልጁን የሚያስፈትን ወላጅ ደጁን ይጠናል። ሌሊት የሚሠራው አይጠናም። ጉዳዩን አሳዛኝ የሚያደርገው መምህራኑ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። ነገር ግን «ጎበዝ ልጅ» ሲባል በአእምሯቸው የሚመጣው ሥዕል ቶሎ እጁን የሚያወጣ፣ እንግሊዝኛው የተስተካከለ፣ እናቱ በየሳምንቱ ኢሜይል የምትጽፍ ልጅ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ በጀት ሲጠብ ሁሉንም የመፈተኑ ሥራ በ2010 ተቋረጠ፤ የመጣው ለውጥም አብሮ ተመለሰ። ልጆቹ አልደነዘዙም። ደጁ ተመልሶ ተዘጋ እንጂ።

ስለ አሜሪካ ትምህርትና የዘር ልዩነት ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ክፉ መምህርን ወይም ሰነፍ ቤተሰብን ነው። ሁለቱም በየቦታው ይኖራሉ። ልዩነቱን ዛሬ በዋናነት የሚሸከመው ግን እንደ ብሮዋርዱ ያለ፣ ቀለም የማይጠራ፣ ሲያዩት ፍትሐዊ የሚመስል ደንብ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው እነዚህ ደንቦች እንዴት እንደሚሠሩና የት የት እንደተሞከሩ ነው።

አስቀድሞ ግን አንድ ቃል። እዚህ «ዘር» የምለው አገር ቤት ሲባል የምንሰማውን፣ የብሔሩን ነገር አይደለም። የአሜሪካ ቅጽ ላይ «ጥቁር»፣ «ነጭ»፣ «እስያዊ» እያለ ምልክት የሚያስደርገውን ነው። ልጁ ጎንደሬ ይሁን ኦሮሞ ወይም ጉራጌ ያ ሣጥን አያውቀውም፤ ጥቁር ብሎ ይመዘግበዋል።

ሕጉ ተከፈተ፣ ድንበሩ ቀረ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን በሕግ ለያይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ የወሰነው በግንቦት 1954 ነው። ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ነበር። ብራውን በመባል የሚታወቀው ይህ ፍርድ የታወቀ ነው። ከእሱ 20 ዓመት ገደማ በኋላ የተሰጡት ሁለት ፍርዶች ግን ብዙም አይወሩም፣ የዛሬውን ሁኔታ ግን ከብራውን ይልቅ እነሱ ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው ከሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ኤጅዉድና አላሞ ሃይትስ የሚባሉ ሁለት ዲስትሪክቶች ነበሩ። የኤጅዉድ ተማሪዎች 90 በመቶ ያህሉ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ የቀሩትም በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። አላሞ ሃይትስ የነጮችና የባለጸጎች ሰፈር ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በከፊል በአካባቢው የቤት ግብር ነው። አሁን ቁጥሩን እንይ፤ ዘመኑ 1967 እና 68 ነው። ኤጅዉድ በየ100 ዶላር የንብረት ግምት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ያስከፍላል። አላሞ ሃይትስ 85 ሳንቲም። የድሃው ሰፈር ሰው በግብር መጠን ይበልጥ ይከፍላል ማለት ነው። ሲሰበሰብ ግን ኤጅዉድ ለአንድ ተማሪ 26 ዶላር ብቻ ሲያገኝ፣ አላሞ ሃይትስ 333 ዶላር ያገኛል፤ ምክንያቱም ግብሩ የሚተመንበት ቤት ዋጋው ሌላ ነው። የክፍለ ግዛቱና የፌዴራሉ ድጎማ ተጨምሮበት እንኳ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 356 ከ594 ነበር።

ዲሜትሪዮ ሮድሪገስ የተባሉ ሠራተኛና ሌሎች የኤጅዉድ ወላጆች ከሰሱ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ፈረደባቸው፦ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም፣ የግብሩን ነገር ክፍለ ግዛቱ ይጨርሰው ተባለ።

ሁለተኛው ፍርድ በሚቀጥለው ዓመት የመጣው የዲትሮይቱ ነው። የዲትሮይት ከተማ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የጥቁሮች፣ የዙሪያው ከተሞች ትምህርት ቤቶች ደግሞ የነጮች ነበሩ። የበታች ፍርድ ቤት ዙሪያውንም ያካተተ የማቀላቀል ዕቅድ ሲያዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አሁንም አምስት ለአራት፣ ሻረው። ዙሪያው ጥፋት መሥራቱ ካልተረጋገጠ መንገድ ተሻግሮ ልጅ እንዲቀበል አይገደድም አለ። ስለዚህ ብራውን በሩን ቢከፍትም የዲስትሪክት ድንበር ራሱ አጥር ሆነ። ልጅህ የት ይማራል ለማለት ቤትህ የት ነው ማለት በቂ ሆነ። ቤት ማን የት ይግዛ የሚለው ደግሞ በ1930ዎቹ የመንግሥት ተቋማት የጥቁሮችን ሰፈር በካርታ ላይ ቀይ እየቀቡ ብድር የማያስተማምን ቦታ ከማለታቸው ጀምሮ የተወሰነ ነገር ነው።

«ገንዘብ ቢጨመር ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚለው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። በ1966 የወጣው የኮልማን ዘገባ ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ ይበልጥ ይወስናል ካለ በኋላ፣ ገንዘብ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰዎች ለብዙ ዓመት ይኼንኑ ሲጠቅሱ ኖረዋል። ጃክሰን፣ ጆንሰንና ፐርሲኮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙት ጥናት ሌላ አሳየ። በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች ትእዛዝ በጀታቸው የተሻሻለላቸውን ዲስትሪክቶች ልጆች እስከ ጎልማሳነት ተከታተሉ። በ12ቱም የትምህርት ዓመታት የአንድ ተማሪ በጀት በ10 በመቶ ቢጨምር፣ ከድሃ ቤት የመጡ ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ ገቢያቸው በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ግማሽ ዓመት ያህልም አስበልጠው ይማራሉ። ገንዘቡ ራሱ አላስተማራቸውም። የመምህር ደመወዝ ሆነ፣ በክፍል ያለውን የተማሪ ብዛት ቀነሰ፣ የትምህርት ዘመኑን አራዘመ።

ካሊፎርኒያ በ2013 ያወጣችው ቀመር የዚህ መንፈስ ልጅ ነው። ለድሃ ቤተሰብ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚማርና በአሳዳጊ ቤት ላለ ልጅ ከመደበኛው በጀት ላይ 20 በመቶ ይጨመራል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ከ55 በመቶ በላይ በሆኑበት ዲስትሪክት ደግሞ ሌላ ተጨማሪ አለ። ቀመሩ ስለ ዘር አንድም ቃል አይናገርም። ማንም ማመልከቻ ጽፎ አይለምንም፤ ልጁ በተመዘገበበት ገንዘቡ ይከተለዋል።

ቀለም አለመጥራቱ በፖለቲካ ይሉኝታ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ተማሪ የት እንደሚመደብ በዘሩ መወሰን አይቻልም አለ፤ በሰኔ 2023 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳይቆጥሩ ከለከለ። ብትወደውም ብትጠላውም የአሁኑ ሕግ ይኸው ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ደንብ ቀለም አይጠራም፤ ማስተካከያውም ቀለም እንዳይጠራ ተከልክሏል። ስለዚህ የቀረው መንገድ ደንቡን ራሱን መፈተሽ ነው።

550 ወንበር

በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር አንባቢ ይኼኛው ቅርቡ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ቶማስ ጀፈርሰን የሚባል፣ በሳይንስና በቴክኖሎጂ የታወቀ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ብዙዎች ቲጄ ይሉታል። መግቢያው ፈተና ነበር፣ ለማመልከትም 100 ዶላር ይከፈል ነበር። ለፈተናው የሚያዘጋጁ የግል ማሠልጠኛዎች ጥሩ ገበያ ነበራቸው። በ2020 የትምህርት ቦርዱ ፈተናውንም ክፍያውንም አስቀረ፤ በምትኩ ከእያንዳንዱ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ ለሚሆኑት ወንበር ያዘ። በሚቀጥለው ቅበላ ከነበሩት 550 ወንበሮች የጥቁሮች ድርሻ ከ1 ወደ 7 በመቶ ገደማ ወጣ፣ የእስያውያን ከ73 ወደ 54 በመቶ ወረደ። የድሃ ቤተሰብ ልጆች ከ1 በመቶ በታች የነበሩት ሩብ ሆኑ።

የእስያውያን ወላጆች ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2023 አዲሱን ደንብ አጸደቀ፤ በየካቲት 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አልመለከትም አለ፣ ደንቡም ጸና። እኔ በግሌ የከሳሾቹን ቅሬታ በንቀት የማልፈው አይደለም። ብዙዎቹ እንደኛው ስደተኞች ናቸው፤ ልጃቸውን በትምህርት ካላሳደጉ ሌላ ርስት የላቸውም። ብሮዋርድ ላይ አንድ ልጅ ሲገባ ሌላው አልወጣም ነበር። ቲጄ ላይ ግን ወንበሩ ስለተቆጠረ የአንዱ ደስታ የሌላው ኀዘን ነው።

ሆኖም በ550 ወንበር ላይ ይኼን ያህል ክርክር ሲፈላ ከሥሩ ያለው ነገር አይታይም። ለቲጄ ለማመልከት ተማሪው በስምንተኛ ክፍል ቢያንስ የመጀመሪያውን አልጀብራ መያዝ አለበት። አልጀብራን በስምንተኛ ክፍል ለመያዝ በስድስተኛና በሰባተኛ ከፍ ያለው የሒሳብ ክፍል መግባት ያስፈልጋል። እዚያ ማን ያስገባዋል? በብዙ ቦታ የመምህር አስተያየትና የወላጅ ጥያቄ። ደጅ ጥናቱ ተመልሶ መጣ።

ይኼንን ቁልፍ ካገኙት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ሰሜን ካሮላይና ናት። በ2018 ባወጣችው ሕግ በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ፈተና ከፍተኛውን እርከን ያመጣ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ከፍ ያለው ክፍል እንዲሰጠው አዘዘች። ቴክሳስ በ2023 ተከተለች፤ በአምስተኛ ክፍል ፈተና ከላይ 40 በመቶ ውስጥ ያለ ተማሪ በስድስተኛ ክፍል ከፍ ያለው ሒሳብ ውስጥ በቀጥታ ይመዘገባል፣ ወላጅ ካልፈለገ ነው የሚያስወጣው። ልብ በሉ፣ ቴክሳስ «የዘር ፍትሕ» የሚል ቃል በሕግ የምታስገባ ክፍለ ግዛት አይደለችም። ለውጡ ያለው በአንዲት ቦታ ላይ ነው፦ ዱሮ ለመግባት መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፣ አሁን ለመውጣት ነው።

«አልታዘዝም አለ»

ከመግቢያው በር ይልቅ የመውጫው በር ይከፋል። በፌዴራሉ መንግሥት መረጃ መሠረት በ2017 እና 18 የትምህርት ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው 15 በመቶ ሲሆኑ፣ ከትምህርት ታግደው ወደ ቤት ከተላኩት ግን 38 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በፊት ስለ 2011 እና 12 የትምህርት ዘመን የወጣው ቁጥር ደግሞ ገና የአራት ዓመት ልጆችን ይመለከታል፤ በቅድመ መደበኛ ከአንድ ጊዜ በላይ ከታገዱት 48 በመቶዎቹ ጥቁር ሕፃናት ነበሩ፣ የተመዘገቡት ግን 18 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ። የአራት ዓመት ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የሚታገደው ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው። ቢላዋ ይዞ መምጣት ለማንም ዓይን አንድ ነው። «አለመታዘዝ»፣ «ሥርዓት ማጣት» ግን በተመልካቹ ይወሰናል። እኛ ቤት ልጅ ሲቆጡት አንገቱን ይደፋል፤ ዓይን ለዓይን ቢያይ «ታፈጥብኛለህ!» ይባላል። እዚህ አሜሪካ ያ አንገት መድፋት ንቀት ወይም አለመስማት ተደርጎ የሚታይበት ክፍል አለ። ካሊፎርኒያ በ2014 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል «አልታዘዝም አለ» በሚል ምክንያት ብቻ ማገድን ከለከለች፤ በ2019 ወደ ላይኞቹ ክፍሎች፣ በ2023 ደግሞ እስከ 12ኛ ክፍል አሰፋችው።

መከልከል ግን ግማሹ ሥራ ነው። በፒትስበርግ ከተማ ትምህርት ቤቶች ከማገድ ይልቅ ተቀምጦ በመነጋገርና በማስታረቅ ላይ የቆመ አሠራር ተሞክሮ፣ ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 ውጤቱን አወጣ። በእገዳ የሚባክነው የትምህርት ቀን ቀንሷል፣ በጥቁርና በነጭ መካከል የነበረው የእገዳ ልዩነትም ጠቧል። ሆኖም ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች የትምህርት ውጤት ወረደ። ደጋፊዎቹ ይኼኛውን ክፍል ሲያነቡ ገጹን ቶሎ ይገለብጡታል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ሽምግልና ጊዜና ሰው ይፈልጋል። መምህሩ 30 ልጅ ይዞ፣ ሥልጠና በቅጡ ሳያገኝ «አታግድ፣ አስታርቅ» ከተባለ፣ የሚከፍለው ክፍሉ ነው።

መምህሩ ማን ነው የሚለውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከብራውን ፍርድ በኋላ የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቹ ወደ ነጮቹ ተላኩ፣ መምህራኖቻቸው ግን አልተላኩም። በደቡብና በአዋሳኝ ክፍለ ግዛቶች እስከ 1965 ድረስ 38,000 ያህል ጥቁር መምህራንና ኃላፊዎች ሥራ እንዳጡ ይገመታል። ዛሬ ከአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን 80 በመቶ ገደማ ነጮች ናቸው፤ ከተማሪዎቹ ግን ነጮቹ ከግማሽ በታች ናቸው። በ1980ዎቹ በቴኔሲ የክፍል ተማሪን ቁጥር ለመቀነስ ተማሪና መምህር በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ነበር። ዓመታት ቆይተው ተመራማሪዎች መዝገቡን ሲያዩ፣ እስከ ሦስተኛ ክፍል አንድ ጥቁር መምህር ያጋጠማቸው ጥቁር ልጆች ካላጋጠማቸው ይልቅ ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው በ13 በመቶ ገደማ በልጦ አገኙት። ዕጣ ስለሆነ ጎበዞቹን መርጦ ያስቀመጠ የለም።

የእኛው ቤት

ሐበሻ ወላጅ ለትምህርት ያለው ክብር አይጠየቅም። ችግሩ ክብሩ ያለው አኳኋን ነው። ልጅን ለመምህር ሰጥቶ፣ እሱ ያውቃል ብሎ፣ ዝም ማለት። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። አገር ቤት ይኼ ጨዋነት ነው። ጠያቂ ብቻ በሚያገኝበት ሥርዓት ውስጥ ግን ዝምታው ፍላጎት እንደማጣት ይመዘገባል። ጨዋነቱን መጣል አያስፈልግም፤ ግን ለመምህሩ ሦስት ነገር መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ልጄ በሒሳብ ከፍ ያለው ክፍል ውስጥ ነው? ካልሆነ ለመግባት የሚጠየቀው ምንድን ነው፣ የፈተናው ቀን መቼ ነው? ልጄ ከክፍል ስንት ጊዜ ወጥቷል፣ በምን ምክንያት?

ቋንቋው ቢያስቸግር ሕጉ ከወላጅ ጎን ነው። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንግሊዝኛ ስላላወቁ ያለ እርዳታ ስለተተዉ 1,800 ያህል የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ሲፈርድ፣ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር ሰጥቶ «እኩል ነው» ማለት እኩልነት አይደለም ብሏል፤ መሠረቱም በ1964 የወጣው የሲቪል መብት ሕግ ነው። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ጭምር ያወጣል። ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ውለታ መጠየቅ አይደለም።

ይኼንን አጥብቄ የምጽፈው በየቤቱ የሚታይ አንድ ነገር ስላለ ነው። ትምህርት ቤቱ ይደውላል፣ አባት ስልኩን ለልጁ ይሰጣል፣ ልጁ ያስተረጉማል። ልጁ ሊታገድ የተጠራ ከሆነ ክሱን ራሱ ለአባቱ ይተረጉማል፤ የሚመቸውን ይናገራል፣ የማይመቸውን ይውጣል። ጊፍትድ ይፈተን የሚል ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ፣ ጓደኞቹን ትቶ ሌላ ክፍል መግባት የፈራ የሰባት ዓመት ልጅ «ምንም አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው» ይላል። ደብዳቤውም ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር አብሮ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል።